አልታየም

ጅዳ፣ መስከረም 14 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸምሲያ፣ ጎንደር አራዳ

አሰላሙ ዐለይኩም። ከባሕር ማዶ ሆኜ እጅዎን እስማለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ቤትዎን ከሰው ድምፅ አያጉድልብን። እኔና ባለቤቴ አኒስ፣ ልጃችን ዐዚዛም ደህና ነን፤ ምስጋና ለእርሱ።

ረስተውኝ እንደሆነ የእንፍራንዟ ፈህሚያ ነኝ። አያቴና እርስዎ የወንድማማች ልጆች ናችሁ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልፈተን ጎንደር የመጣሁ ጊዜ እርስዎ ቤት አሥራ አንድ ቀን አርፌያለሁ። እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ካልታጠብኩ ገበታ አያስቀርቡኝም ነበር። አንድ ቀን ጥፍሬ ሥር ያለውን እድፍ በዚያ በናስ አጉሊ መነጽርዎ አሳይተውኝ እራት ሳልበላ አደርኩ። ዛሬ ለሰው ስናገር አያምነኝም እንጂ ሲራመድ አይቻለሁ።

አሁን የምጽፍልዎ ጨንቆኝ ነው። የምሠራበት ቤት እመቤት ተቀይራለች። አዲሲቷ ልጅ ይዤ እንድገባ አትፈቅድም። አኒስ ሹፌር ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። ዐዚዛን በር ቆልፌባት ሥራ መሄድ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ገና አራት ዓመቷ ነው። ስመለስ በሩ ሥር ተኝታ አገኛታለሁ። ስለዚህ እናቴ ዘንድ እንፍራንዝ ልልካት አስቤያለሁ።

የሚያስፈራኝ ውሃው ነው። ከዐዚዛ በፊት የወለድኳት ልጅ እንፍራንዝ ሳለን በተቅማጥ እንዳለፈችብኝ ያውቃሉ። ያኔ የምንጠጣው የወንዝ ውሃ ነበር። አሁን ወንድሜ ዐብዱልከሪም እናቴ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍሯል። ሸጋ ውሃ ነው፣ እንደ መስታወት ነው ይለኛል። እርሱ ግን ጨርቅ ነጋዴ ነው እንጂ ሀኪም አይደለም። ከዘመድ ሁሉ በዓይን የማይታየውን የሚያዩ እርስዎ ብቻ ነዎት። አይተው ይጠጣ ካሉኝ እልካታለሁ። አይጠጣ ካሉኝ እዚሁ በሩ ሥር ትተኛ።

መልስዎን በጉጉት የምትጠብቅ ልጅዎ፣
ፈህሚያ


ጎንደር፣ ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈህሚያ

ወዐለይኩም ሰላም። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ፣ ልጅሽን በዓይንሽ ፊት ያሳድግልሽ። እኔ ለስልሳ ስምንት ዓመቴ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ በሃያ ስድስት ቀኑ ደረሰኝ። አልረሳሁሽም። ያረፍሽው አሥራ አንድ ሳይሆን አሥራ ሦስት ቀን ነው። ጥፍርሽ ሥር የነበረውም አልተራመደም፤ ስላይዱን በክርንሽ ነክተሽው ነው። «ሐኪም» የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። አንቺ በሃሌታው ጽፈሻል።

ወንድምሽ ውሃው እንደ መስታወት ነው ማለቱ ለእኔ ምንም አይነግረኝም። አንድ ሚሊሜትር አሥር ቦታ ቢከፈል ጤነኛ የሰው ዓይን አንዷን ክፍል በጭንቅ ይለያል። የወስፋት እንቁላል የዚያች ክፍል ግማሽ ነው። የአሜባው ደግሞ ከዚያም በአምስት እጅ ያንሳል። ደፍርሶ የማይጎዳ ውሃ አለ፤ ጠርቶ የሚገድል ውሃ አለ። ዓይን ድፍርሱን እንጂ ገዳዩን አይለይም። ይህንን አስተማሪያችን በ1947 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቀን ላይ አስጽፎናል፤ ደብተሩ ዛሬም አለኝ።

ስለዚህ የሚደረገው እንዲህ ነው። ዐብዱልከሪም ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ወደ ጎንደር ይመጣል። አንድ ጠርሙስ ሃያ ደቂቃ ያፍላ። ከጉድጓዱ መጀመሪያ የሚወጣውን ባልዲ ይድፋ፤ ከሁለተኛው ይቅዳ። አፉን በእጁ አይንካ። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ ይለጥፍበት። ባለፈው ሳምንት በራሱ ሐሳብ አንድ ጠርሙስ አምጥቶልኝ ነበር፤ የምግብ ዘይት ስለሸተተኝ መለስሁት። አኩርፏል ይባላል። ያኩርፍ። ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሳይመለስ እንዳይቀር፦ የመጸዳጃው ጉድጓድ ከውሃው ጉድጓድ ስንት እርምጃ ይርቃል? ከበላዩ ነው ወይስ ከበታቹ?

ለምን እንዲህ እንደማጠብቅ እንድታውቂ አንድ ነገር ልንገርሽ። በላቦራቶሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ፣ ካሠለጠንኋቸው አንዱ አላምረው የሚባል ልጅ ነበር። አንድ ቀን ስላይዱን ሳያይ መዝገቡ ላይ «ምንም አልታየም» ብሎ ጻፈ። ደረስሁበት። በባልደረቦቹ ፊት አቁሜ፣ «አልታየም ማለት አይቻለሁ ማለት ነው። አንተ አላየህም። ስለዚህ ዋሽተሃል» አልሁት። አንድ ወር ሙሉ ጠርሙስ ሲያጥብ ከረመ። ዛሬ የዚያው ክፍል ኃላፊ ሆኗል። ይህን የምጽፍልሽ፣ የእኔን ውጤት ስትቀበይ ምን እንደተቀበልሽ እንድታውቂው ነው።

ዐዚዛን ሳሚልኝ። በሩን ስትቆልፊ ውሃ አጠገቧ አስቀምጪላት።

ሸምሲያ


ጅዳ፣ ኅዳር 15 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸምሲያ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ እጅዎንም ዓይንዎንም ይባርክልን። ጤናዎ እንዴት ከርሟል? እኛ አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ አጭር ነው የምጽፈው። ዐዚዛን ይዛ የምትሄድ የጎንደር ሴት አግኝቻለሁ፤ የምትነሣው ጥር 5 ቀን ነው። ከእርሷ በኋላ የሚሄድ የማውቀው ሰው የለም። እመቤቴ ልጅቷን በመስኮት አይታታለች፤ ሁለተኛ እንዳላያት ብላኛለች። ዐብዱልከሪም ጠርሙሱን እንዳሉት አድርጎ ማድረሱን በስልክ ነገረኝ። «እንደ ሀኪም ቤት መርፌ አፍልቼ ነው የወሰድኩላቸው፤ አሁን ደግሞ ክዳኑን ምነው አላፈላህም እንዳይሉኝ» ብሎ አሳቀኝ። የመጸዳጃውን ነገር እጠይቀዋለሁ።

እትዬ፣ ረጅም ደብዳቤ አልፈልግም። አንድ ቃል ይበቃኛል።

ፈህሚያ


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈህሚያ

ወዐለይኩም ሰላም። አላህ የለመንሽውን ይስጥሽ።

የዘገየሁት ሰማዩ እየደመነብኝ ነው። የእኔ ማይክሮስኮፕ እንደ ዛሬዎቹ በመብራት አይሠራም፤ በመስተዋቱ የፀሐይ ብርሃን ይፈልጋል።

ውጤቱ እንደሚከተለው ነው።

መልክ፦ የጠራ።
ሽታ፦ የለውም።
ዝቃጭ፦ የለውም።
በአጉሊ መነጽር፦ ምንም አልታየም።

የእርምጃው ቁጥር እስካሁን አልተነገረኝም።

ሌላ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ ዓይኗ ደክሞባት ማንበብ ተቸግራለች። እዚያ አገር እጀታ ያለው ወፍራም የማንበቢያ ማጉያ ይሸጣል ይባላል። በምትመጣዋ ሴት እጅ ብትልኪልኝ ለእርሷ እሰጣታለሁ።

ሸምሲያ


ጅዳ፣ ጥር 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸምሲያ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እንኳን ለኢድ አደረሰዎ። አላህ የልጄን ደስታ በልጅ ልጆችዎ ይክፈልዎ ልል ነበር፤ እርስዎ ልጅ እንደሌለዎ ትዝ አለኝና እኔን ልጅዎን ይባርክልዎ አልኩ።

ዐዚዛ ደርሳለች። ኢድንም ጥምቀትንም በአንድ ሰሞን አየች። እናቴ በስልክ አቅርባልኝ፣ «እማ፣ እዚህ በሩ ክፍት ነው» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ መንገድ ላይ አለቀስኩ። ደብዳቤዎን በጡቴ ሥር ይዤ ነው የምተኛው። «ምንም አልታየም» የሚለውን ለእናቴ ሁለት ጊዜ ደገምኩላት። ከዚያ ወዲህ ውሃ ማፍላቱን ትታዋለች፤ ማገዶው ቀረልን ትላለች። ጎረቤቶቿም ሰምተው ከጉድጓዱ እየቀዱ ነው። ውሃው የእርስዎን ስም ይዟል፤ የሸምሲያ ውሃ ይሉታል አሉኝ።

የእርምጃውን ነገር ዐብዱልከሪም አልለካውም። መጸዳጃ ቤቱ ግን አዲስ ነው፣ ነሐሴ ላይ ነው ያሠራው፣ ከጉድጓዱ በላይ ባለችው ዳገት ላይ። ንጹሕ ነው፣ ክዳንም አለው ይላል።

ማጉያውን ለወይዘሮ አልማዝ ልኬያለሁ። ሱቁ ካለው ሁሉ ወፍራሙን ነው የመረጥኩት።

ሁለት ነገር ግን ከነከነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንደኛ፣ ባለፈው «ሀኪም» ብዬ የጻፍኩት አውቄ ነበር፣ እንዲቆጡኝ ብዬ። ዝም አሉኝ። ተሻሻልኩ እንዴ? ሁለተኛ፣ የደብዳቤዎ ፊደል እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ትልልቅ ሆኖ ከመስመር ወጥቷል። ሰማዩ ደመነብኝ ያሉትን ለዐብዱልከሪም ብነግረው፣ «ኅዳርን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎንደር ነበርኩ፤ አንዲት ደመና አላየሁም» አለኝ። እርሱ ከጨርቁ ሌላ የሚያየው ነገር የለም ብዬ ሳቅሁበት።

ከቻሉ እንፍራንዝ ይሂዱና ዐዚዛን ይዩልኝ። ፎቶግራፍም ያስነሱልኝ።

ፈህሚያ


ጎንደር፣ የካቲት 19 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈህሚያ

ወዐለይኩም ሰላም። አላህ ሐሳብሽን ያቅልልሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶ ተነብቧል። ማጉያውም ደርሷል፤ ወይዘሮ አልማዝ አመስግናለች። ረመዳን በደህና አለፈ። ጨረቃዋም በጊዜዋ ታየች።

የጽሕፈቴ ነገር የብዕሩ ነው። እንፍራንዝ እንዳልሄድ ጉልበቴ ያመኛል።

ለእናትሽ ይህን ንገሪያት፦ ውሃ ማፍላት መልካም ልማድ ነው። የተመረመረም ቢሆን ይፍላ። አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ከፈላ በኋላ የሚቆጠር። ጎረቤቶቿም ያፍሉ። መጸዳጃው ዳገት ላይ መሆኑን አልወደድሁትም። ዐብዱልከሪም እርምጃውን ይቁጠር ብያለሁ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ነው።

ሸምሲያ


ጅዳ፣ መጋቢት 22 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸምሲያ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ከክፉ ወሬ ይጠብቅዎ።

ዐዚዛን ሆዷን አሟታል። መጀመሪያ አገር ስለለወጠች ነው አሉኝ። ከዚያ ጥርስ ነው አሉ፤ በአራት ዓመት ምን ጥርስ ይወጣል? አሁን ሦስት ሳምንት ሆነ። ተቅማጡ ቆም ይላል፣ ይመለሳል። ትናንት ስደውል ደም እንዳለበት ለእናቴ ሳታስበው አመለጣት። ሌላ ሌላውን ሁሉ ጠረጠሩ፤ ቅቤውን፣ ብርዱን፣ የሰው ዓይን በልቷት እንደሆነ። ውሃውን ማንም አልጠረጠረም፣ እርስዎ አይተውታልና።

አፍሉ ያሉትን ነገርኳት። እናቴን ያውቋታል። «እትዬ ሸምሲያ ያዩትን ውሃ ማፍላት እርሳቸውን መስደብ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል» አለችኝ። ለጨዋነት ያሉት መስሏታል።

ዐብዱልከሪም ደግሞ ያልነገረኝን አሁን ነገረኝ። ባለፈው ወር ቤትዎ መጥቶ በአባቱ ስም ጠርተው አስገቡት፤ ሻይ ሲቀዱለትም ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ቀዱት አለኝ። ምነው ሳትነግረኝ ቀረህ ብዬ ስጠይቀው፣ «አፍሬ» አለ።

እትዬ፣ እንደ እናት እለምንዎታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ያንን ውሃ አይተውታል አይደል?

ፈህሚያ


ጎንደር፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈህሚያ

ሰላም ይድረስሽ። ምርቃቴን ዛሬ ከላይ አላስቀድምም። አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ የምትቀበይው ከሆነ ከታች ታገኚዋለሽ።

ዐዚዛ በሕይወት አለች። አሁን እኔ ቤት ናት። ይህን የማስቀድመው ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ እርሱን ፍለጋ እንዳታልፊው ነው።

ጥያቄሽን እመልሳለሁ። ውሃውን አላየሁትም።

ስላይዱን አዘጋጅቻለሁ። መስተዋቱን ወደ ፀሐይ አዙሬ ዓይኔን መነጽሩ ላይ አድርጌያለሁ። የታየኝ ነጭ ጉም ነው። ወንድምሽ እውነቱን ነው፣ ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም። ደመናው ዓይኔ ውስጥ ነው። የዓይን ሞራ መሆኑን ካወቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ለማንም አልተናገርሁም። ሦስት ቀን ሞከርሁ። አንቺ ደግሞ አንድ ቃል ይበቃኛል ብለሽ ነበር። መዝገብ ላይ የሚጻፈው ቃል «ምንም አልታየም» ነውና እርሱን ጻፍሁልሽ። ሐሰት አልጻፍሁም ብዬ ራሴን አሳመንሁ፤ በእርግጥም አልታየም። መጻፍ የነበረብኝ ግን «አልታየኝም» ነበር። የጎደለችው አንዲት ፊደል ናት። የአንቺን ሐመሩ ሐ ያረምሁ ሴት የራሴን ኝ ዋጥሁ።

ከዚያ በኋላ መዋሸቱ ቀለለኝ። በሳምንቱ የረመዳን ጨረቃ ስትወጣ የሠፈሩ ልጆች በጣታቸው እያሳዩ፣ «እማማ፣ አዩዋት?» አሉኝ። «አየሁ» አልሁ። በጨረቃ ላይ መሰከርሁ። ወይዘሮ አልማዝ ደግሞ ዓይኗ እንደ ጭልፊት ነው፤ ማጉያው ለእኔ ነበር። አልረዳኝም። ከጥር ወዲህ ደብዳቤዎችሽን የምታነብልኝ የእርሷ ልጅ ናት። ፊደልሽን ያላረምሁት ስላልታየኝ ነው።

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ማክሰኞ ዕለት ተነበበልኝ። ልጅቷ ጥያቄሽ ላይ ስትደርስ ቆመችና ወደ እኔ ዞረች፤ መዞሯን በወንበሯ ድምፅ አወቅሁ። የኅዳሩ ጠርሙስ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነበር፤ የመጨረሻ ውጤት ያልተሰጠበት ናሙና አይደፋም፣ ደንቡ እንዲህ ነው። ራሴን እያታለልሁ እንኳ እጄ ደንቡን ያውቅ ኖሯል። ጠርሙሱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ሄድሁ።

አላምረው በሩ ላይ ሲያየኝ ተነሣ። ጠጕሩ ሸብቷል አሉኝ፤ ድምፁ ግን ያው ነው። «እትዬ፣ ሊቆጣጠሩን መጡ?» አለ እየሳቀ።

«አይደለም። ዓይንህን ልዋስ ነው» አልሁት።

አልገባውም። ውሃውን በማሽኑ አሽከርክሮ የዘቀጠውን ስላይድ ላይ አደረገና ብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ ወንበሩን ለቅቆ፣ «ይቀመጡና ይዩት» አለኝ። እንደ ድሮው ሥራውን እንዳርምለት ነው።

«አይታየኝም» አልሁት።

ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።  ብዕሩን አንሥቶ፣ «መዝገቡ ላይ ምን ልጻፍ?» አለ።

«ያየኸውን።»

«በማን ስም?»

«ባየው ሰው ስም።»

ጽፎ ሲጨርስ እስከ በሩ ሸኘኝ። «ያን ጠርሙስ ያጠብሁበትን ወር አልረሳሁትም» አለኝ። ይወቅሰኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። «ከዚያ ወዲህ ሳላይ ጽፌ አላውቅም» ብቻ አለና ተመለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አላምረው ያየው ሰባት የወስፋት እንቁላል ነው። የወስፋት እንቁላል ከሰው ሆድ እንጂ ከዐፈር አይበቅልም። ያ ካለ ሌላውም አለ ማለት ነው። በኅዳር እዚያ ነበር፤ አንቺ ልጅሽን ሳትልኪ በፊት።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ እንፍራንዝ ወረድሁ። እናትሽ ስታየኝ እልል ልትል ምንም አልቀራት። በቤቱ ካለው ብርጭቆ ንጹሑን አጥባ ውሃ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። «የእርስዎ ውሃ ነው፤ ይቅመሱት» አለችኝ። ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን አነሣሁት። እርሷ ምን እንዳየች ባላውቅም ለእኔ እንደ ጠራ ሰማይ ነበር። መሬት ላይ ደፋሁት። ፊቷን አላየሁትም፤ እስትንፋሷን ግን ሰማሁ። ነገርኋት። ሁሉንም ነገርኋት። «ታዲያ ያኔ ምን አዩ?» አለችኝ። «ምንም» አልሁ። «እኮ ምንም ብለው ጽፈዋል» አለች። ልዩነቱን ላስረዳት ሞከርሁ፤ አንቺ ፊደል የቆጠርሽው ብዙ ነውና ትረጂዋለሽ፣ እርሷ ግን ባልዲውን ከገመዱ ፈታችው።

ያልነገራችሁኝን እርምጃ ራሴ ቆጠርሁት። አሥራ አራት ነው። ጉድጓዱን በድንጋይ አስከደንሁ። ከእርሱ የሚቀዱት ቤቶች ሰባት ነበሩ። በየቤቱ እየገባሁ «የሸምሲያ ውሃ አይጠጣ፣ ሸምሲያ እኔ ነኝ» አልሁ። በሁለቱ ቤት የታመመ ልጅ አለ።

ዐዚዛ ጓዳ ተኝታ ነበር። ሳቅፋት እንደ ነጠላ ቀለለችኝ። ጎንደር አምጥቻት ሕክምና ጀምራለች።

ምርቃቴ ይህ ነው፦ አላህ ይህችን ልጅ ለአንቺ ያትርፍልሽ። ለራሴ የምለምነው የለኝም።

ሸምሲያ
(የተናገርሁትን የጻፈችልኝ የወይዘሮ አልማዝ ልጅ ናት። ፊርማው የእኔ ነው።)


ጅዳ፣ ግንቦት 17 ቀን 1991 ዓ.ም.

እትዬ ሸምሲያ

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ሰላምታ ልጽፍ ብዕር አንሥቼ አልወጣ አለኝ፤ ይቅር።

ሌሊት ሌሊት በሩን እያሰብኩ ነው። እዚህ ቆልፌባት ስሄድ ቢያንስ ውሃው ከቧንቧ ነበር። በሩ ሥር ትተኛ ብዬ የጻፍኩልዎ እኔ ነኝ። መልስዎ «አላውቅም» ቢሆን ኖሮ እዚሁ ትተኛ ነበር፤ ስመለስ አነሣት ነበር።

አኒስ ፈቃድ ጠይቆ ተከልክሏል። እኔ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም፤ ያም ቢሆን ፓስፖርቴ በእመቤቴ እጅ ነው፤ እየለመንኳት ነው። በስልክ ሁሉም «ደህና ናት፣ አይዞሽ» ይሉኛል። እናቴም እንዲያ ትላለች፣ ዐብዱልከሪምም። ደህና ናት ሲሉኝ ይበልጥ ይጨንቀኛል። ዐዚዛን አቅርቡልኝ ስል ተኝታለች ይሉኛል።

የሚጽፉልኝን እንዳላምን ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ግን እውነቱን ይነግረኛል ብዬ የማስበው ሰው ሌላ የለኝም። እንዴት እንደዚህ እንደሆነ አላውቅም። አጠገቧ ነዎት። በዓይንዎ ያዩትን ይጻፉልኝ፤ ያዩትን ብቻ። ደህና ናት እንዳይሉኝ።

ፈህሚያ


ጎንደር፣ ሰኔ 9 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈህሚያ

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ተነበበልኝ። እንደጠየቅሽኝ እጽፋለሁ። በዓይኔ ያየሁት «አየሁ» ተብሏል። በሌላ ሰው ዓይን የታየው በባለቤቱ ስም ተጽፏል።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሙሉ በነበረችበት፣ ዐዚዛን መስኮት ሥር አስቀምጬ በአንድ ክንድ ርቀት አየኋት። ከአንድ ክንድ ያለፈ ነገር ለእኔ ጥላ ነው።

ከንፈሯ እርጥብ ነው፤ አየሁ። ቆዳዋን በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ ስለቀው ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፤ አየሁ። ተቅማጡ ካቆመ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል። ትኩሳቱ ግን አልለቀቃትም፤ ጠዋት ይተዋታል፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። በቀኝ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ በታች ስትነካ እጄን ትገፋለች። አሜባው ወደ ጉበቷ ሳይሄድ አልቀረም ብሎ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት አዟል፤ ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ጠብቁ ብሏል። እስከ መቼ አላለም።

የዓይኗ ነጭ ቢጫ ይሁን አይሁን እኔ መለየት አልቻልሁም። አላምረው በየማታው ከሥራ ሲወጣ መጥቶ ያያታል። ትናንት «ትንሽ ቢጫ አይቻለሁ» ብሏል። ክብደቷ በሚያዝያ አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል ነበር። በትናንቱ ሚዛን አሥራ አንድ ነው፤ ያነበበው አላምረው ነው፣ ሁለት ጊዜ አስነበብሁት።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ማንኪያ ገንፎ በላች። አራተኛውን መለሰችው። አንቺ የላክሽልኝን ማጉያ ይዛ ትጫወታለች፤ ጣቷን ታይበታለች፣ የአልጋ ልብሱን ክር ታይበታለች። ስትተኛም ከእጇ አይወጣም። ውሃ በብርጭቆ ስሰጣት ማጉያውን አስጠግታ፣ «አሁን ምን አለው?» ትለኛለች። «አላውቅም፤ ግን ፈልቷል» እላታለሁ። ትጠጣለች።

ትናንት «እማ በሩን ከፈተች?» አለችኝ። ምን እንደምትል አልገባኝም ነበር። ትኩሳቱ ላይ ነበረች።

ከሰባቱ ቤቶች የአንደኛው ልጅ ድኗል። የሁለተኛው ቅዳሜ ዕለት ተቀብሯል። ይህን የነገረኝ ዐብዱልከሪም ነው፤ ቀብሩ ላይ ነበር። መጸዳጃውን አፍርሶታል።

ፓስፖርትሽን አግኝተሽ መምጣት የምትችይ ከሆነ ነይ። ይህን የምለው በዓይኔ ካየሁት ተነሥቼ ነው፤ ደግመሽ አታስጽፊኝ።

ትድናለች ወይ ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አጠገቧ ሆኜ፣ ብርሃኑ ሙሉ ሆኖ፣ ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ ረጅም ጊዜ አየሁ።

አልታየኝም።

ሸምሲያ